የቋንቋ ልጅ

«ምች መታኝ» አሉ እናት።

እኔ አስተርጓሚዋ ታብሌት ውስጥ ነኝ። ሆስፒታሉ ታብሌቷን ጎማ ባለው ብረት ላይ ሰክቶ አልጋቸው አጠገብ አቁሟታል። ከአንገቴ በላይ ብቻ ነው የምታየው። ሐኪሙ ዓይኑን ከሳቸው ላይ አንስቶ እኔ ላይ ተከለ። ምችን በእንግሊዝኛ ምን ልበለው? ፀሐይ ነው እንዳልል ብርድም አለበት። የከንፈር ቁስል ነው እንዳልል ራስ ምታቱስ? ደንባችን እንዲህ ሲያጋጥም ቃሉን እንዳለ አስተላልፊ ይላል። አስተላለፍኩ። ሐኪሙ ደነገጠ።

«ማን ነው የመታዎት? ቤት ውስጥ የሚመታዎት ሰው አለ?»

ይህንንም ተረጎምኩ። እናት አፋቸውን በነጠላቸው ይዘው ሳቁ። ከዚያ ሐኪሙን ትተው ወደ እኔ ዞሩ።

«አንቺው ንገሪው እንጂ ልጄ! የሀገሬ ልጅ አይደለሽ እንዴ?»

የሥራዬ ጣጣ እዚህ ላይ ነው። ለእኔ የተባለውንም መተርጎም አለብኝ። እና ሐኪሙን በእንግሊዝኛ «አንቺው ንገሪው እንጂ ልጄ፣ የሀገሬ ልጅ አይደለሽ እንዴ?» አልኩት። ሐኪሙ ግራ ገባው። እሳቸውም ግራ ገባቸው። እኔ ደግሞ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

ይህን ሥራ ከሜሪላንድ፣ ከቤታችን ቤዝመንት ነው የምሠራው። አሥራ አንድ ዓመት ሆነኝ። የሌሊት ፈረቃ ስሆን ጥሪው ይመጣል፣ ይጠፋል። በመሃል ቡናዬን ይዤ አነባለሁ። የማነበው ስለ ድሮ አስተርጓሚዎች ነው። ሰው የሙያ አባቶቹን ማወቅ ይወዳል መሰለኝ። ጠበቃ ስለ ጠበቃ ያነባል፣ እኔ ደግሞ ስለ አፍ።

ከሁሉም አንዱ አልለቀኝ አለ። ባርቶሎሜዎ ብሩቲ ይባላል። አልባኒያዊ ነው። አስተርጓሚ ሊሆን ተላከ፣ ሰላይ ሆነ፣ ዲፕሎማት ሆነ፣ የአንድ ሀገር ትልቅ ሹም ሆነ፣ በመጨረሻ ተገደለ። ይሄ ሁሉ አርባ ዓመት ሳይሞላው። ዓመተ ምሕረቱን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው፤ እንዳታደናግሩኝ።

ብሩቲ የተወለደው በ1550ዎቹ መጨረሻ ገደማ ኡልቺኝ በምትባል የባሕር ዳር ከተማ ነው። ኡልቺኝ ዛሬ ሞንቴኔግሮ ውስጥ ናት፣ ከአልባኒያ ድንበር አፍንጫ ሥር። ነዋሪዎቿ አሁንም በብዛት አልባኒያውያን ናቸው። ያኔ የቬኒስ ነበረች። ከግንቧ ወጣ ካሉ ግን መሬቱ የኦቶማን ቱርክ ነው። አባትየው አንቶኒዮ ነጋዴ ነበር። ለቬኒስ እህል ይገዛል። እህሉ ያለው ደግሞ ማዶ፣ በኦቶማን በኩል ነው። ስለዚህ ከማዶ ሹሞች ጋር መወዳጀት ግድ ይላል። ቬኒስ ይህን ታውቃለች፤ አውቃም ነው የሸለመችው። ፈረሰኛ የሚል ማዕርግ ሰጥታዋለች። ድንበር ላይ የሚኖር ሰው ሁለት ቋንቋ ቢናገር ማንም አይገርመውም። እንጀራው ነው።

ከዚያ 1571 መጣ። ኦቶማኖችና ቬኒስ በቆጵሮስ ምክንያት ጦርነት ላይ ነበሩ። በዚያ ክረምት ኡልቺኝ ወደቀች። ጎረቤቷ ባርም እጅ ሰጠች። አባትየው አንቶኒዮ በዚያው ጦርነት ሞተ።

ባርቶሎሜዎ ሁለት አጎቶች ነበሩት፣ የእናቱ ወንድሞች። አንደኛው ጆቫኒ ብሩኒ የባር ሊቀ ጳጳስ ናቸው። ሁለተኛው ጋስፓሮ ብሩኒ የማልታ ፈረሰኛ ነው፤ የካቶሊኮች የጦር ማኅበር አባል ማለት ነው። ከተማይቱ ስትወድቅ ሊቀ ጳጳሱ ተማረኩ። ኦቶማኖች መርከብ ላይ አስገብተው መቅዘፊያ አስያዟቸው። ጥቅምት 7 ቀን 1571 የክርስቲያኖቹና የኦቶማን መርከቦች ግሪክ አጠገብ ሌፓንቶ ላይ ገጠሙ። እንግዲህ ልብ በሉ። ጋስፓሮ የሮማውን ፖፕ ዋና መርከብ እየመራ በክርስቲያኖቹ ወገን ተሰልፏል። ወንድሙ ሊቀ ጳጳሱ በኦቶማን መርከብ ከቀዛፊዎቹ ጋር ታስረዋል። አንድ እናት የወለደቻቸው ሁለት ልጆች፣ አንድ ባሕር ላይ፣ ፊት ለፊት።

ክርስቲያኖቹ አሸነፉ። ወታደሮቹ ለዝርፊያ ኦቶማን መርከቦች ላይ ዘለሉ። ሊቀ ጳጳሱ ክርስቲያን ነኝ፣ ጳጳስ ነኝ እያሉ ጮኹ። ሰሚ አልተገኘም። ነፃ ሊያወጧቸው የመጡት ወታደሮች ገደሏቸው።

ይህን ያነበብኩት ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው። ከዚያ ጥሪ መጣ፤ ምጥ ላይ ያለች ሴት ነበረች። «ግፊ» እና «ተንፍሺ» ስል አደርኩ። ሊቀ ጳጳሱ ግን ከጭንቅላቴ አልወጡም።

ከቤተሰቡ የተረፉት ወደ ኮፐር ተሰደዱ። ኮፐር ዛሬ የስሎቬኒያ ወደብ ናት፤ ያኔ እሷም የቬኒስ ነበረች። ስደተኛ ሲሆኑ ምን ይዘው ይሄዳሉ? መሬቱ ቀርቷል፣ ቤቱ ቀርቷል። ብሩቲዎች የያዙት ምላሳቸውን ነው። ቬኒስም የምትፈልገው እሱን ነበር።

ስለ ቬኒስ አስተርጓሚዎች ትንሽ ላውራ፤ እዚህ ላይ ነገሩ ይጣፍጣል። ቬኒስ ኢስታንቡል ውስጥ ባይሎ የሚባል አምባሳደር ነበራት። ባይሎው ቱርክኛ አያውቅም። ታላቁ ቪዚር፣ የሱልጣኑ ዋና ሚኒስትር፣ ጣልያንኛ አይናገርም። በመሃላቸው ድራጎማን ይቆማል። ድራጎማን ማለት አስተርጓሚ ማለት ነው፤ ግን ከአስተርጓሚም ያለፈ ነው። ደብዳቤ ይጽፋል፣ ስጦታ ያደርሳል፣ ወሬ ይሰበስባል፣ ደጅ ይጠናል።

ቃሉ ባዕድ ይመስላል አይደል? አይደለም። በዐረብኛ ተርጁማን ነው። በጥንቱ አካድኛ ተርጉማኑ። በእኛ ተርጓሚ። ተረጎመ፣ ትርጉም፣ ትርጓሜ፣ ድራጎማን፤ ሁሉም የአንድ ቃል ቤተሰብ ናቸው። ይህን ሳውቅ ብቻዬን ሳቅሁ። ዘመድ ነን ለካ! ልዩነቱ የቤተ ክህነት ትርጓሜያችን «አንድም» ማለት ይፈቅዳል፤ አንድም እንዲህ ነው፣ አንድም እንዲያ ነው እያለ ያሰፋዋል። እኔ ግን ሐኪም ፊት «አንድም» ብል በማግስቱ ሥራ ፈት ነኝ።

የቬኒስ ራስ ምታት እንዲህ ነበር። አብዛኞቹ ድራጎማኖች የሱልጣኑ ዜጎች ናቸው። ቪዚሩ ሲቆጣ አንገታቸው ያለው በእሱ እጅ ነው። ባይሎው ጠንከር ያለ ቃል ሲናገር ድራጎማኑ ያለዝበዋል። «እንቃወማለን» ያለው «በትሕትና እንለምናለን» ሆኖ ይደርሳል። ባይሎዎቹ ወደ ሀገራቸው በጻፏቸው ደብዳቤዎች ይህንን ሲያማርሩ ኖረዋል። ሰዎቻችን ይፈራሉ፣ ቃላችንን አያደርሱልንም ይላሉ።

ስለዚህ ቬኒስ በ1551 አንድ ነገር ዘየደች። የራሷን ልጆች በወጣትነታቸው ወደ ኢስታንቡል መላክ ጀመረች። በባይሎው ቤት ይኖራሉ፣ መምህር ተቀጥሮላቸው ቱርክኛ ይማራሉ፣ አድገው የታመኑ ድራጎማን ይሆናሉ። መጠሪያቸው ጆቫኒ ዲ ሊንጓ ነው። ቱርኮቹ ዲል ኦላን ይሏቸዋል። ወደ አማርኛ ስመልሰው የቋንቋ ልጅ ይሆንልኛል። የእንጀራ ልጅ እንደምንለው፣ የጡት ልጅ እንደምንለው።

ዕቅዱ በወረቀት ላይ ያምራል። ልጆቹ ግን ልጆች ናቸው። አንዳንዱ በወረርሽኝ ሞተ። አንዳንዱ ትምህርቱን ጠላ። አንዳንዱ እስልምናን ተቀብሎ እዚያው ቀረ። ይህ የቬኒስ ትልቁ ፍርሃት ነበር። ልጁ ቋንቋውን ጠንቅቆ ሲያውቅ የቋንቋው ባለቤቶች ልጅ ይሆንባታል።

ባርቶሎሜዎ ከነዚህ የቋንቋ ልጆች አንዱ ሆኖ በ1570ዎቹ አጋማሽ ገደማ ኢስታንቡል ገባ። አባቱ ከሞተ ጥቂት ዓመታት ቢሆነው ነው። አባቱ በሞተበት ጦርነት ያሸነፈውን ሕዝብ ቋንቋ ሊማር።

እዚህ ላይ የራሴን ጉድ ሳልናገር ባልፍ ነውር ነው።

የዛሬ አምስት ዓመት ግድም ነው። አንድ ክሊኒክ በቪዲዮ ጠራኝ። አባትየው ሰባ ዓመት ያለፋቸው ሰው ናቸው። ኮታቸውን እንደለበሱ፣ ከዘራቸውን ጉልበታቸው መሃል አቁመው ተቀምጠዋል። ልጃቸው ከጎናቸው ቆሟል። ሐኪሟ ያለችው አጭር ነበር። ካንሰሩ ተሰራጭቷል። ሕክምናው ዕድሜ ያራዝም ይሆናል እንጂ አያድንም።

እኔ አፌን ከመክፈቴ በፊት ልጁ በአማርኛ ተናገረ። «እባክሽ እህቴ፣ እንዳትነግሪው። አባዬ ይሰበራል።»

አባትየው ጆሯቸው ደከም ያለ ነው፤ አልሰሙትም። በደንቡ ቢሆን ይህንንም ለሐኪሟ መተርጎም ነበረብኝ። አልተረጎምኩም። እኛ ዘንድ ክፉ ወሬ ሥርዓት አለው። መርዶ እንኳ ሲነገር በማለዳ ነው፣ ዘመድ ተሰብስቦ፣ የሚደግፍ ሰው ከጎን ቆሞ። በታብሌት ከአንገት በላይ ብቻ የምትታይ ሴት በአንድ ዓረፍተ ነገር ዱብ አታደርገውም። እንዲህ ብዬ አሰብኩ ልበል? አላሰብኩም። አፌ ቀደመኝ።

«በሽታው ትንሽ ሰፋ ብሏል ነው የምትልዎት አባባ። መድኃኒቱ ያግዛል።»

አባትየው ፊታቸው በራ። «ተመስገን! እንግዲያውስ ለፋሲካ ሀገሬን አያታለሁ» አሉ።

ይህንን ግን በትክክል ተረጎምኩት። ቃል በቃል። ሐኪሟ ዝም ብላ አየችኝ። እሷ ያለችውና እሳቸው የመለሱት አልገጠመላትም። በትሕትና አመስግና ዘጋችኝ። ሌላ አስተርጓሚ እንደጠራች በኋላ ሰማሁ። እሳቸው እውነቱን ሁለተኛ ጊዜ፣ ያውም ከተደሰቱ በኋላ ሰሙት ማለት ነው። የእገዳም ደብዳቤ መጣልኝ፤ ሦስት ወር ከሥራ ታገድኩ። አግባብ ነው። ጥፋቱ የእኔ ነው፣ በማንም አላመካኝም። ከእገዳው ይልቅ የሚያመኝ ያ የበራ ፊት ነው። ያበራሁት እኔ፣ ያጠፋው ሌላ ሰው።

ስለ ኢስታንቡሎቹ ድራጎማኖች ሳነብ መጀመሪያ «ፈሪዎች» ብዬ ነበር። ኋላ ግን ራሴን እዚያ አገኘሁት። እነሱ ቪዚሩን ፈርተው አለዘቡ። እኔ የአባትየውን ፊት ፈርቼ አለዘብኩ። ፍርሃቱ ይለያያል እንጂ ሥራው አንድ ነው። ሁለታችንም ባልተጠየቅነው ቦታ የራሳችንን ቃል አገባን።

ብሩቲ ደግሞ ሌላ ነው። እሱ ቃል አላለዘበም። ከመነሻውም የሌላ ሰው አፍ ሆኖ መኖር የሚችል ሰው አልነበረም። በሃያዎቹ መጀመሪያ ከቬኒስ ወጥቶ ወደ ስፔን ወገን ገባ። ያኔ ኔፕልስ የስፔን ነበረች፤ ኢስታንቡል ውስጥ የተዘረጋው የስፔን የስለላ መረብም ዋና መናኸሪያው እሷ ነበረች። ቋንቋ የሚያውቅ፣ ኢስታንቡልን የሚያውቅ፣ ዘመድ ያለው ወጣት ለዚያ መረብ ወርቅ ነው።

በ1578 በስፔን ጉዳይ ወደ ኢስታንቡል ተመለሰ። ስፔንና ኦቶማን በምሥጢር የተኩስ ማቆም ድርድር ላይ ነበሩ። ስፔን ፍላንደርስ ውስጥ በዓመፅ ተይዛለች። ኦቶማን ከፋርስ ጋር ጦርነት ጀምራለች። ሁለቱም ደክመዋል፣ ሁለቱም ደክሞናል ማለት አይፈልጉም። የስፔን ተደራዳሪ ጆቫኒ ማርልያኒ የሚባል የሚላኖ ሰው ነበር። ብሩቲ አብሮት ነበረ። ብዙም ሳይቆዩ ግን ጠላቶች ሆኑ። ማርልያኒ ዝም ብሎ የታዘዘውን የሚናገር ሰው ነበር የሚፈልገው። ብሩቲ ደግሞ በራሱ በር እየገባ የራሱን ወሬ ይሠራል። ስምምነቱ በ1580 እና 81 ተፈጸመ፤ ብሩቲ ግን ቀድሞውኑ ሌላ መንገድ ይዟል።

ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል ይላል የእኛ ሰው። ብሩቲ ሁለት ብቻ አይደለም፣ ደን ነው የተከለ።

ትልቁ ባላው ሲናን ፓሻ ነበር። ሲናን አልባኒያዊ ነው፣ ቶፖያን በምትባል ተራራማ መንደር የተወለደ። ኦቶማኖች ከክርስቲያን ቤተሰቦች ወንድ ልጆችን እየሰበሰቡ፣ አስልመው፣ ለቤተ መንግሥትና ለጦር ያሳድጉ ነበር። ሲናን በዚያ መንገድ አልፎ አምስት ጊዜ ታላቁ ቪዚር ሆነ። አምስት ጊዜ! ከሥልጣን ይወርዳል፣ ተመልሶ ይወጣል። በ1574 ቱኒስን ከስፔን የነጠቀው እሱ ነው። ከዚያ በፊት የመን ዘምቷል። የቀይ ባሕር ወሬ እኛንም ይነካናል፤ ኦቶማኖች ምፅዋን ከያዙ ከ1557 ጀምሮ ነበርና። ብሩቲ ኢስታንቡል ውስጥ ደጅ በሚጠናበት በ1570ዎቹ መጨረሻ፣ አፄ ሠርፀ ድንግል ትግራይ ውስጥ ከዚያው መንግሥት ወታደሮች ጋር ይዋጉ ነበር። ዓለም ያኔም ጠባብ ነበረች።

ብሩቲና ሲናን ዝምድና ነበራቸው። አንዱ ካቶሊክ፣ አንዱ ሙስሊም። አንዱ ስደተኛ ወጣት፣ አንዱ የሱልጣኑ ቀኝ እጅ። ግን የማን ልጅ ነህ ሲባባሉ መልሱ ያገናኛቸዋል። ሲናን የገዛ ወገኖቹን ይጠቅማል እየተባለ ይታማ ነበር። እኔ ይህን ሳነብ አይገርመኝም። ያ ልጅ ከተራራው ሲወሰድ ስሙን ቀየሩት፣ ሃይማኖቱን ቀየሩት፣ ቋንቋ ጨመሩለት። የመጣበትን ጥያቄ ግን ከውስጡ ማውጣት አልቻሉም። እኔም ሰፈር ገበያ ስሄድ አንዲት እናት ፊቴን አይተው «ልጄ፣ የማን ልጅ ነሽ?» ካሉኝ፣ ሃያ ዓመት አሜሪካ መኖሬ ትዝ አይለኝም። የአባቴን ስም፣ የአያቴን ስም፣ አገሬን፣ ሰፈሬን እዘረዝራለሁ።

ብሩቲ ሰሜን ሄደ፣ ወደ ሞልዳቪያ። ሞልዳቪያ በዛሬዋ ሩማኒያና ሞልዶቫ ላይ የተዘረጋች ክርስቲያን ግዛት ነበረች። የራሷ መስፍን አላት፣ ግን ለሱልጣኑ ትገብራለች። መስፍን የሚሾመውም የሚሻረውም ኢስታንቡል ነው። ዙፋኑ በገንዘብ ነው የሚገዛው ቢባል ሐሰት አይሆንም። አንካሳው ጴጥሮስ የሚባል መስፍን በ1579 ተሽሮ ነበር። በ1582 ወደ ዙፋኑ ተመለሰ። ይህ እንዲሆን ከደከሙት አንዱ ብሩቲ ነው።

ጴጥሮስም አልረሳውም። ፖስቴልኒክ አደረገው። ይህ በእኛ ቤተ መንግሥት ቋንቋ አጋፋሪ ብንለው የሚቀርብ ሹመት ነው። መስፍኑ ዘንድ የሚገባውን የሚያስገባ፣ የሚወጣውን የሚያስወጣ፣ ከውጭ መልእክተኞች ጋር የሚነጋገር። ትናንት በባይሎው ቤት «ቱርክኛህ ደካማ ነው» ይባል የነበረ ዓይነት ልጅ፣ ዛሬ የአንድ አገር በር ጠባቂ ሆነ። ዘመዶቹንም ወደዚያ ጎተተ። በ1588 ዬሱሳውያን ካህናት ወደ ሞልዳቪያ እንዲመጡ አደረገ። የኦርቶዶክስ መስፍን አገልጋይ፣ የሙስሊም ቪዚር ዘመድ፣ የካቶሊክ ካህናት ደጋፊ። ይሄ ሰው እንዴት ነው የሚተኛው እላለሁ አንዳንዴ።

ከሥራው ሁሉ የማደንቅለት አንድ ነገር አለ። በ1589 ኮሳኮች የሚባሉ ጦረኞች ከፖላንድ በኩል እየመጡ የኦቶማንን መሬት ዘረፉ። ሲናን ፓሻ በዚያው ዓመት ወደ ቪዚርነቱ ተመልሶ ነበር። ቁጡ ሰው ነው። ጦር ይዞ ፖላንድን ሊያጠፋ ዛተ። ሞልዳቪያ በሁለቱ መካከል ናት፤ ዝሆኖች ሲጣሉ የሚጎዳው ሣሩ ነው። ብሩቲ በፖላንዱ ቻንስለር ያን ዛሞይስኪና በሲናን መካከል ተመላለሰ። በ1590 ጦርነቱ ቀረ። ኢስታንቡል የነበረው የእንግሊዝ መልእክተኛ ኤድዋርድ ባርተንም እጁ አለበት፤ የብሩቲ ብቻ ነው ማለት አይቻልም። ፖላንድ ግን ብሩቲን መኳንንቷ ውስጥ አስገብታ አመሰገነችው።

እስቲ ያንን ክፍል አስቡት። ሲናን የሚናገረውን ቁጣ ብሩቲ ሰምቶ ወደ ሰሜን ይወስዳል። ዛሞይስኪ ፊት ሲደርስ ያ ቁጣ እንዳለ ይደርስ ነበር? ዘመዱን የሚያውቅ ሰው ከቁጣው ስንቱ ለወሬ፣ ስንቱ ለምር እንደሆነ ያውቃል። እኔ የታገድኩበት ሥራ በሌላ ጊዜና በሌላ ሰው እጅ ጦርነት ያስቀራል ማለት ነው? ይህን ጥያቄ ለአለቃዬ አላቀረብኩትም።

ከዚያ ነገሩ ቶሎ ነው ያለቀው። በ1591 አንካሳው ጴጥሮስ ዙፋኑን ጥሎ ወደ ሀብስቡርግ፣ ወደ ኦስትሪያ ነገሥታት ምድር ኮበለለ። አሮን የሚባል ሰው ሞልዳቪያን ተረከበ። አሮን ሹመቱን የገዛው በብድር ነው። ዕዳው አንገቱ ድረስ ነበር፣ አበዳሪዎቹም ደጃፉ ድረስ። አገሬው ጨካኙ አሮን ይለዋል። ሲናንም በዚያው በ1591 እንደገና ከሥልጣን ወርዶ ነበር። የብሩቲ ባላዎች ሁሉ በአንድ ጊዜ ተነቀሉ። በ1592 አሮን አስገደለው።

ብሩቲን የገደለው ዓለም አስተርጓሚ ሲገድል የመጀመሪያውም የመጨረሻውም አልነበረም። ከኮፐር የድራጎማን ቤተሰቦች የወጣው የቬኒሱ ዋና ድራጎማን ማርካንቶኒዮ ቦሪሲ በ1620 ኢስታንቡል ውስጥ ተገደለ። በ1649 በቀርጤስ ጦርነት መሃል ሌላው የቬኒስ ድራጎማን ጆቫኒ አንቶኒዮ ግሪሎ ተገደለ። በ1821 ደግሞ ግሪኮች ሲያምፁ የሱልጣኑ የገዛ ድራጎማን ኮንስታንቲን ሙሩዚስ አንገቱ ተቀላ። መንግሥታት ይቆጣሉ። ቁጣውን የተናገረው ሩቅ ነው፣ የተረጎመው ግን እዚሁ ቆሟል። እኔን ሦስት ወር አገዱኝ። እግዚአብሔር ይመስገን!

ብሩቲዎች ኮፐር ውስጥ ሰነበቱ። ከቤተሰቡ ሌሎችም የቋንቋ ልጆች ወጥተዋል። በ18ኛው ክፍለ ዘመን የተሠራው ትልቁ ቤታቸው ዛሬም ቆሟል። የከተማዋ ቤተ መጻሕፍት ሆኗል። ፎቶውን አይቼዋለሁ፤ ድንጋይ ፊት ያለው፣ ረጃጅም መስኮቶች። ስደተኛ ሆነው ምላሳቸውን ብቻ ይዘው የመጡ ሰዎች ቤት ውስጥ አሁን ሰው ዝም ብሎ ያነባል። ዝም በሉ የሚል ጽሑፍም ይኖረው ይሆናል።

ድሮ እኛ አገር አፈ ንጉሥ የሚባል ሹመት ነበር። የንጉሥ አፍ። ትልቅ ዳኛ ነው፤ ንጉሡን ወክሎ ይፈርዳል። ልጅ ሆኜ አያቴ ስለ አንድ አፈ ንጉሥ ሲያወሩ «የሰው አፍ ሆኖ የራሱን ምሳ ምን ላይ ይበላል?» ብዬ ጠይቄ ቤቱን አሳቅኩ ይባላል። እኔ አላስታውሰውም። ግን አሁን ጥያቄው ሞኝነት አይመስለኝም።

ባለፈው ማክሰኞ ሌሊት አንድ ጥሪ መጣ። ነርስ ናት። አንዲት አሮጊት ቀዶ ጥገና ሊገቡ ነው፤ የፈቃድ ወረቀት ላይ መፈረም አለባቸው። እንደተለመደው ጀመርኩ። «ጤና ይስጥልኝ። እኔ የአማርኛ አስተርጓሚ ነኝ። የሚባለውን ሁሉ ሳልጨምር ሳልቀንስ እተረጉማለሁ።»

አሮጊቷ ዓይናቸውን ጠበብ አድርገው ስክሪኑን አዩት። እጃቸው ላይ የሰኩባቸውን መርፌ ረስተው ወደ ታብሌቷ ተጠጉ። ገመዱ ተወጠረ። ነርሷ ቀስ ብላ ክንዳቸውን ያዘች።

«አይ፣ አየሁሽ! የማውቀው ፊት ነው» አሉ። «ልጄ፣ የማን ልጅ ነሽ?»

ደንቡ ደንብ ነው። ወደ ነርሷ ዞርኩ።

«ታካሚዋ አስተርጓሚዋን የማን ልጅ ነሽ እያሉ ይጠይቃሉ» አልኩ በእንግሊዝኛ።

ነርሷ እስክሪብቶዋን ወረቀቱ ላይ አስቀመጠች። እሷም መልሴን መጠበቅ ጀመረች።